የሰውን ገላ ከመከርከም እጃችሁን አንሡ

ለማስታወቂያ ድርጅቶችና አስነጋሪዎች፣ ለመጽሔትና ለቴሌቪዥን አዘጋጆች፣ ለማኅበራዊ ሚዲያ ኩባንያዎች፣ እንዲሁም ማስታወቂያን ለሚቆጣጠሩ መሥሪያ ቤቶች ሁሉ

ጉዳዩ፦ በማስታወቂያ ምስሎች ላይ የሰው አካል ቅርጽና የቆዳ ቀለም እንዳይለወጥ ስለመጠየቅ

ክቡራትና ክቡራን፣

እኔ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የባዮሎጂ መምህርት ነኝ። የምጽፍላችሁ ስለ አንድ ጉዳይ ብቻ ስለሆነ ዙሪያ ጥምጥም አልሄድም። ዕቃ ለመሸጥ በምታወጡት ምስል ላይ የሰውን የአካል ቅርጽ፣ የቆዳውን ቀለምና የፊቱን ገጽታ በኮምፒውተር መለወጥ አቁሙ። ብርሃኑን አሳምሩ፣ የልብሱን ጭምድድ አቃኑ፣ ከበስተጀርባ የሚታየውን አጽዱ፤ ገላውን ግን እንዳለ ተዉት። ከምስሉ ግርጌ «ተስተካክሏል» ብሎ በደቃቅ ፊደል መጻፍም ጥያቄዬን አይመልስም። ለምን እንደማይመልስ በኋላ እገልጻለሁ።

ይህን ጥያቄ ከባዮሎጂ መምህርት መስማት ሊያስገርማችሁ ይችላል። ነገሩ የሚያገኘኝ ግን እዚያው ክፍል ውስጥ ነው። አንዲት ልጅ ለአቅመ ሔዋን ስትደርስ ሰውነቷ ስብ ያከማቻል፤ ዳሌዋ ይሰፋል፤ ጭኗ ይሞላል። ሆርሞኖቿ ሥራቸውን በትክክል እየሠሩ ለመሆናቸው ምልክቱ ይኸው ነው። ቆዳዋ ከቀድሞው የበለጠ ቅባት ያመነጫል፤ ብጉርም ይወጣባታል። በዚያ ዕድሜ ብጉር ከማይወጣባቸው ልጆች የሚወጣባቸው ይበዛሉ። እኔ ሰሌዳው ላይ የቆዳን ክፍሎች ሥዬ ላብና ቅባት የሚወጡባቸው ቀዳዳዎች ለምን እንደሚያስፈልጉ አስረዳለሁ። ልጆቹ ከክፍል ሲወጡ እናንተ በስልካቸው፣ በቴሌቪዥኑና በመንገድ ዳር ሰሌዳው ተቃራኒውን ታስተምሯቸዋላችሁ፤ ያውም እኔ በሕልሜም በማላየው ገንዘብና ጥበብ። በእናንተ ምስል ላይ ቆዳ ቀዳዳ የለውም። የተቀመጠ ሰው ሆዱ አይታጠፍም። የአርባ ዓመት ሴት ከዓይኗ ሥር አንድ መስመር የላትም። አካላቸው ገና በመለወጥ ላይ ያለ ልጆች ከሁለታችን ማንን እንደሚያምኑ መገመት አያስቸግርም።

የመታወቂያ ፎቶ በሚነሡበት ቀን ያየሁትን ልንገራችሁ። ፎቶ አንሺው ላፕቶፑን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ የተማሪዎቹን ፎቶ አንድ በአንድ ይቆርጣል። አንዲት ጎበዝ ተማሪዬ ከጎኑ ቆማ የራሷን ፊት ትመለከታለች። ጣቷን ስክሪኑ ላይ አሳርፋ «አፍንጫዬን ከዚህና ከዚህ ጥበብልኝ፤ አገጬን ትንሽ አሹልልኝ፤ ይህንን ደግሞ አጥፋልኝ» አለችው። አጥፋልኝ ያለችው በልጅነቷ ወድቃ ያገኘችውን የቅንድብ ጠባሳ ነው። ድምፅዋ ውስጥ ኀፍረትም ማመንታትም አልነበረም። እሱም ምን ነካሽ አላላትም፤ «ቆዳሽንስ ላፍካው?» ብሎ ነው የጠየቃት። ያ ፎቶ የሚለጠፈው እሷ ራሷ መሆኗን በሚያረጋግጥ ወረቀት ላይ ነው። አሥራ አምስት ዓመት ያልሞላት ልጅ ፊቷን እንደ ስህተት ዝርዝር ማንበብ የቻለችው ሰው ስላስተማራት ነው። ያስተማረቻት እናቷ እንዳልሆነች አውቃለሁ፤ እናቷን አነጋግሬያታለሁና።

በእርግጥ የሌለ ጉድለት ፈጥሮ መድኃኒቱን መሸጥ በእናንተ አልተጀመረም። ጂሌት ለሴቶች የተለየ ምላጭ ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1915 ነው (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ከዚያ በፊት የብብት ፀጉር ለአብዛኞቹ አሜሪካውያን ሴቶች ጉዳይ አልነበረም። እጅጌ አልባ ልብስ ፋሽን መሆን ሲጀምር ማስታወቂያው ተከትሎ መጣና አንዲት ሴት ልታፍርበት የሚገባ ነገር አደረገው። ዛሬ የአፍ መጉመጥመጫ የሆነው ሊስትሪንም በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ ለቀዶ ሕክምና ጀርም መግደያነት የተሠራ ፈሳሽ ነበር። በ1920ዎቹ ግን የአፍ ሽታ ትዳር የሚያሳጣ ክፉ ደዌ መሆኑን ለሕዝብ በሚነግሩ ማስታወቂያዎች ሽያጩ ተመነደገ። ፈሳሹ ያው ነው፤ አዲስ የተመረተው ፍርሃቱ ብቻ ነው። የዛሬው ልዩነት አስነጋሪው ፍርሃቱን በቃል ማስረዳት የማያስፈልገው መሆኑ ነው። ምስሉ ብቻውን ይበቃዋል።

ምስል ብቻውን ምን ያህል እንደሚሠራ ለማየት በፓስፊክ ውቅያኖስ ወዳለችው የደሴት አገር ወደ ፊጂ እንሂድ። ናድሮጋ በሚባለው የአገሪቱ ክፍል ቴሌቪዥን የገባው እ.ኤ.አ. በ1995 ነው። በዚያ ማኅበረሰብ ዘንድ ሞላ ያለ ጠንካራ ሰውነት ይወደሳል። ሰው ሲከሳ የሚያዝኑለት እንጂ የሚቀኑበት አልነበረም፤ ክሳት የሚንከባከብ ወገን የማጣት ምልክት ነበርና። የሃርቫርዷ ተመራማሪ አን ቤከር ቴሌቪዥኑ በገባ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በአፍላ ዕድሜ ላይ የሚገኙ ልጃገረዶችን ጠየቀች፤ ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1998፣ ተመልሳ በተመሳሳይ ዕድሜ ያሉ ሌሎችን ጠየቀች። በመጀመሪያው ዙር ክብደት ለመቀነስ ብላ በፈቃዷ የምታስመልስ አንዲትም ልጅ አልተገኘችም። በሁለተኛው ዙር 11.3 በመቶዎቹ እንዲህ እንደሚያደርጉ ተናገሩ። 74 በመቶ የሚሆኑት ቢያንስ አልፎ አልፎ ሰውነታቸው ከመጠን በላይ እንደወፈረ እንደሚሰማቸው ገለጹ። ለምን ሲባሉ የቴሌቪዥን ተዋናዮቹን ጠቀሱ፤ እንደነሱ ብንቀጥን ሥራ እናገኛለን፣ የተሻለ ኑሮ እንኖራለን ያሉም ነበሩ።

ይህ ውጤት በ2002 ታትሟል። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ በየዙሩ የተጠየቁት ከ60 ጥቂት የሚበልጡ ልጆች ናቸው። በሦስት ዓመት ውስጥ ከቴሌቪዥን ሌላ የተለወጠ ነገር ሊኖር እንደሚችልም አልዘነጋሁም። የአመጋገብ ሕመሞች በዘር የሚተላለፍ ዝንባሌ አላቸው፤ ጭንቀትና የቤት ውስጥ ችግርም ድርሻ አላቸው። ሁሉንም በእናንተ ጫንቃ ላይ መጫን ፍትሕ አይሆንም። ነገር ግን እነዚያ ልጆች የሰውነታቸውን መልክ ለማኅበራዊ ዕድገት መሰላል አድርገው ያዩት ቴሌቪዥኑ ከገባ በኋላ መሆኑ፣ ያንንም በራሳቸው አንደበት መናገራቸው፣ ሌሊት ሌሊት እያሰብኩት የምብሰለሰልበት ነገር ነው። ምግብ ራስን እስከ መከልከል የሚያደርሰው አኖሬክሲያ የተባለው ሕመም ከአእምሮ ሕመሞች ሁሉ ብዙ ሕይወት ከሚቀጥፉት አንዱ ነው።

የሚቀጥፈው ደግሞ ተመልካቾችን ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2006 ኡራጓያዊቷ ሞዴል ሉዊዜል ራሞስ በ22 ዓመቷ፣ ብራዚላዊቷ አና ካሮሊና ሬስቶን በ21 ዓመቷ ሞቱ። የማድሪድ የፋሽን ሳምንት አዘጋጆች በዚያው ዓመት ክብደታቸው ከቁመታቸው ጋር ሲመዛዘን ከተወሰነ ልክ በታች የሆነ ሞዴሎችን ከመድረክ ከለከሉ። ይህ ጥሩ እርምጃ ነበር፤ ኮምፒውተሩን ግን አልነካውም።

ኮምፒውተሩ ምን እንደሚሠራ እናንተ ከእኔ በተሻለ ታውቁታላችሁ። የምጽፈው ደብዳቤውን ለሚያነቡ ሌሎች ነው። በ2009 ራልፍ ሎረን የተባለው የልብስ ኩባንያ ባወጣው አንድ ማስታወቂያ ላይ የሞዴሏ የፊሊፓ ሃሚልተን ወገብ ከራስ ቅሏ ጠቦ ታየ። ይህ ሲጋለጥ ኩባንያው ይቅርታ ጠየቀ። የማስተምረው የሰው አጽም ነውና ልናገር፤ በዚያ ወገብ ውስጥ የጀርባ አጥንት፣ አንጀትና ኩላሊት ሊያልፉ አይችሉም። በ2011 ደግሞ ኤች ኤንድ ኤም የተባለው የልብስ ሻጭ በድረ ገጹ ላይ የውስጥ ልብስና የዋና ልብስ የሚያሳዩት አካላት በኮምፒውተር የተሠሩ እንደነበሩና የእውነተኛ ሞዴሎች ራስ እንደተቀጠለባቸው አመነ። አቋቋማቸው አንድ፣ የእጃቸው አቀማመጥ አንድ፣ የሚለያየው ፊትና የቆዳ ቀለሙ ብቻ ነበር። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሊዮን ፌስቲንገር በ1954 እንዳስረዳው ሰው ራሱን የሚመዝነው ከሌላ ሰው ጋር እያነጻጸረ ነው። ተማሪዬ ራሷን ከማን ጋር እያነጻጸረች ነው ታዲያ? በዚያ ሚዛን ማዶ የተቀመጠ ሰው የለም። ሞዴሏ ራሷ እንኳ ወደ ቤቷ ስትመለስ ያንን ገላ ይዛ አትገባም።

አሁን «ተስተካክሏል» ወደሚለው መለያ ልመለስ። እስራኤል የተስተካከሉ ምስሎች ይህንኑ እንዲገልጹ የሚያስገድድ ሕግ በ2012 አጸደቀች። ፈረንሳይ ከጥቅምት 2017 ጀምሮ የሞዴሎች የሰውነት ቅርጽ የተለወጠበት የንግድ ፎቶ «የተስተካከለ ፎቶግራፍ» የሚል ጽሑፍ እንዲኖረው አስገደደች፤ የማያከብር 37,500 ዩሮ ይቀጣል። ኖርዌይ ከሐምሌ 2022 ወዲህ ተከፍሏቸው በማኅበራዊ ሚዲያ የሚያስተዋውቁ ግለሰቦችን ጭምር በዚህ ግዴታ ውስጥ አስገብታለች። እነዚህን ሕጎች ያወጡ ሰዎች ለልጆች አስበው ነውና አመሰግናቸዋለሁ። ይሁን እንጂ በአውስትራሊያ የፍሊንደርስ ዩኒቨርሲቲ ማሪካ ቲግማንና ባልደረቦቿ መለያውን ደጋግመው ሲፈትሹ፣ ምስሉ መስተካከሉን ያወቁ ሴቶች ካላወቁት ያነሰ ቅሬታ በሰውነታቸው ላይ አልታየባቸውም። ይባስ ብሎ የትኛው የአካል ክፍል እንደተስተካከለ በስም የሚጠቅስ መለያ የተመልካቿን ዓይን ወደዚያው ክፍል ይበልጥ ይስበዋል።

እኔን ይህ አላስደነቀኝም። ልጆቼ ምስሉ እውነት እንዳልሆነ ያውቃሉ። ብትጠይቋቸው በየትኛው መተግበሪያ እንደተሠራ ሳይቀር ይነግሯችኋል። ማወቃቸው ከመመኘት አላዳናቸውም። ስለዚህ ተመልካቹን ማስጠንቀቅ በቂ ነው የሚለውን አሳብ ተዉት፤ ጉዳቱ መቆም ያለበት ገና ምስሉ በሚሠራበት ጊዜ ነው፤ ሥልጣኑም በእናንተ እጅ ነው።

ስለ ቆዳ ቀለም ለብቻው መናገር አለብኝ፤ ምክንያቱም እዚህ ላይ ምስሉ ብቻ ሳይሆን የሚሸጠው ክሬም ራሱም መርዝ ሊይዝ ይችላል። ቆዳ ማንጫ ክሬሞችን የሚያስተዋውቁ የቴሌቪዥን ታሪኮች ለብዙ ዓመታት አንድ ዓይነት ነበሩ። ጠቆር ያለች ልጅ ሥራ ታጣለች፤ ክሬሙን ትቀባለች፤ ፊቷ ይፈካል፤ ሥራው ይገኛል። በ1975 ሕንድ ውስጥ ለገበያ የቀረበው «ፌር ኤንድ ላቭሊ» ስሙ ወደ «ግሎው ኤንድ ላቭሊ» የተቀየረው በ2020 ነው፤ ክሬሙ ግን ከገበያ አልወጣም። ከእነዚህ ምርቶች አንዳንዶቹ ሜርኩሪ አለባቸው፤ ሜርኩሪ ደግሞ ኩላሊትን ይጎዳል። ሃይድሮኪኖን የተባለውን ቆዳ ማንጫ ኬሚካል ያለ ሐኪም ትእዛዝ ለረጅም ጊዜ የተቀባ ሰው ፊቱ ሰማያዊ የሚመስል ጥቁር ቦታ ሊያወጣ ይችላል፤ ሊያጠፋው የፈለገው ጥቁረት በማይለቅ መልኩ ይመጣበታል። ተዋናይት ሉፒታ ኒዮንጎ በ2014 ባደረገችው ንግግር በልጅነቷ ቆዳዋ ነጣ ብሎ እንድትነቃ እግዚአብሔርን ትለምን እንደነበር ተናግራለች። ከዚያ ያወጣት ምን መሰላችሁ? ደቡብ ሱዳናዊቷ ሞዴል አሌክ ዌክ በመጽሔቶችና በመድረኮች ላይ ቆንጆ ተብላ መታየቷ ነው። ቁስሉን የፈጠረው መሣሪያ ራሱ ሊያክመው እንደቻለ ልብ በሉልኝ።

ግን ታሪኩ በዚያ አላበቃም። በኅዳር 2017 ያችው ሉፒታ፣ ኦስካር የተሸለመች፣ ውበቷ ዓለም የመሰከረለት ሴት፣ በብሪታንያው ግራዚያ መጽሔት ሽፋን ላይ ስትወጣ ከኋላ የታሰረው ተፈጥሯዊ ፀጉሯ ተቆርጦና ተለስልሶ ቀረበ። ተቃውሞዋን በይፋ ስታሰማ መጽሔቱም ፎቶ አንሺውም ይቅርታ ጠየቁ። ያን ፀጉር ያጠፋው እጅ በክፋት ተነሣሥቶ ነው ብዬ አላምንም። ሥራው ሆኖበት፣ ማንም ሳያዝዘው፣ ከልማድ ያደረገው ይመስለኛል። የሚያስፈራኝም ይኸው ነው፤ የመቁረጡ ልማድ የማንን ማንነት እየቆረጠ እንደሆነ ለመጠየቅ እንኳ ጊዜ የለውም።

ወንዶቹንም አልረሳኋቸውም። ተመራማሪው ሃሪሰን ፖፕና ባልደረቦቹ በ1999 ባሳተሙት ጥናት የወንድ ልጆች መጫወቻ አሻንጉሊቶችን ክንድና ደረት ለክተው ጡንቻቸው ከዘመን ወደ ዘመን እያበጠ መምጣቱን አሳይተዋል። ዛሬ በክፍሌ ውስጥ ጥሩ የተገነባ ሰውነት እያላቸው ራሳቸውን ቀጫጫ አድርገው የሚያዩ ልጆች አሉ። ጡንቻ ለማሳበጥ የሚወሰዱ ስቴሮይዶች የዘር ፍሬን እንደሚያኮስሱ፣ ልብንም እንደሚጎዱ ሳስተምር አንገታቸውን የሚደፉ ጥቂት አይደሉም።

ለማኅበራዊ ሚዲያ ኩባንያዎች ደግሞ ይህን እላለሁ። በ2021 ከፌስቡክ የወጡ የውስጥ ሰነዶች እንዳሳዩት፣ ኩባንያው ራሱ ባደረገው ጥናት ስለ ሰውነታቸው መጥፎ ስሜት ከሚሰማቸው በአፍላ ዕድሜ ላይ ካሉ ልጃገረዶች 32 በመቶዎቹ ኢንስታግራም ስሜቱን እንዳባሰባቸው ተናግረዋል። ስለዚህ አናውቅም አትሉም። በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር የምስል መጋሪያው ፒንተረስት የክብደት መቀነሻ ማስታወቂያዎችን ሁሉ ከለከለ። አንዱ የቻለውን ሌላው ለምን ያቅተዋል? ፊትን የሚያቀጥንና አፍንጫን የሚያጠብ ማጣሪያ ካሜራው ሲከፈት ሳይጠየቅ ብቅ የሚልበትን አሠራር አቁሙ። ስለ ምግብና ስለ ክብደት አንዴ የፈለገችን ልጅ በዚያው ጉዳይ ማጥለቅለቁንም ተዉ።

አስነጋሪዎች ብዙ ጊዜ «ገበያው የሚፈልገው ይህን ነው» ትላላችሁ። ኤሪ የተባለው የውስጥ ልብስ ሻጭ ከ2014 ጀምሮ የሞዴሎቹን ገላ ማስተካከል አቆመ፤ ሽያጩም አደገ። ጌቲ ኢሜጅስ የተባለው የፎቶ ሻጭ ድርጅት የሞዴሎች ቅርጽ እንዲቀጥን ወይም እንዲወፍር የተደረገበትን የንግድ ፎቶ ከጥቅምት 2017 ወዲህ አይቀበልም። ጁሊያ ብሉም የምትባል አሜሪካዊት ልጅ በ2012 «ሴቨንቲን» መጽሔት የልጃገረዶችን ገላ እንዳይለውጥ የሚጠይቅ ፊርማ ስታሰባስብ ዕድሜዋ 14 ነበር፤ ከ80 ሺህ በላይ ሰዎች ፈረሙላት፤ መጽሔቱም የልጃገረዶችን የሰውነትና የፊት ቅርጽ እንደማይለውጥ ቃል ገባ። ዕድሜዋ የተማሪዎቼ ዕድሜ ነው፤ ስለዚህ ይህን ታሪክ በየዓመቱ እነግራቸዋለሁ።

ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤቶችን የምጠይቀው በተግባር ሊጀመር የሚችል አንድ ነገር ነው። የብሪታንያ የማስታወቂያ ደረጃዎች ባለሥልጣን በ2011 ጁሊያ ሮበርትስና ክሪስቲ ተርሊንግተን የታዩባቸውን ሁለት የመዋቢያ ማስታወቂያዎች አግዷል። ምክንያቱም ኩባንያው ምስሎቹ የምርቶቹን ውጤት በትክክል እንደሚያሳዩ ማረጋገጥ አልቻለም። ይህ ውሳኔ መንገዱን ያሳያል። የሰው ገላ የሚታይበትን ማስታወቂያ የሚያወጣ ሁሉ ከካሜራው የወጣውን የመጀመሪያ ፎቶ፣ ምንም ሳይነካ፣ ከታተመው ጋር እንዲያስቀምጥና ሲጠየቅ እንዲያቀርብ ደንብ አውጡ። የሚያስወጣው ወጪ የለም፤ ፋይሉ ቀድሞውንም አላቸው። ሁለቱ ምስሎች ጎን ለጎን ሊቀመጡ እንደሚችሉ የሚያውቅ አርታኢ እጁን ይሰበስባል።

ለመጽሔትና ለቴሌቪዥን አዘጋጆች ደግሞ የምጠይቀው ማስታወቂያውን የመመለስ መብታችሁን እንድትጠቀሙበት ነው። የምታምኑበትን ዘገባ በአንድ ገጽ አትማችሁ በቀጣዩ ገጽ የሚያፈርሰውን ማስታወቂያ የምታወጡት ውሉ ስለፈቀደ ነው። ውሉን ስታድሱ አንድ አንቀጽ ጨምሩበት።

ይህን ደብዳቤ ከመላኬ በፊት ለተማሪዎቼ አንብቤላቸዋለሁ። መልሳችሁ እሺም ሆነ እምቢ፣ ከነምክንያቱ በይፋ እንድትጽፉልን እንጠይቃለን። እሺ ካላችሁ ከየትኛው ቀን ጀምሮ እንደሆነ ንገሩን። እምቢ ካላችሁም መልሱን ለባዮሎጂ መምህርቷ ሳይሆን ለአሥራ አራት ዓመት ልጅ እንደምታስረዱ አድርጋችሁ ጻፉት፤ ክፍል ውስጥ የምናነበው አብረን ነውና።

ከአክብሮት ጋር፣

የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የባዮሎጂ መምህርት